ግፊቱን የበላው ቧንቧው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ስለ ውሃ የሚሰማው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጥፋቱ ነው፤ ተራ ደረሰን አልደረሰን፣ ሌሊት መጣ ወይስ ሳይመጣ ነጋ። ይህ ደብዳቤ ስለ ሌላ ችግር ነው፦ ውሃው መጥቶ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሞልቶ፣ ሻወሩ ሲከፈት ግን ክር የምታህል ውሃ ስለሚወርድበት ቤት። ባለቤቱ «ግፊት የለም» ይላል፤ ቧንቧ ሠራተኛው «ፓምፕ ይግባ» ይላል፤ ፓምፕ ይገዛል። በብዙዎቹ ቤቶች ግን ግፊቱ ነበረ፤ መንገድ ላይ የበላው ቧንቧው ነው። ስንት እንደሚበላ ደግሞ ግድግዳው ሳይለሰንና ሴራሚኩ ሳይለጠፍ በስልክ ካልኩሌተር ማወቅ ይቻላል።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ይለዩ። የቆመ ውሃ ግፊትና የሚሄድ ውሃ ግፊት አንድ አይደሉም። ሁሉም ነገር ሲዘጋ ግፊቱን የሚወስነው ከፍታ ብቻ ነው፤ በየ10 ሜትሩ ወደ 1 ባር ይደርሳል። የታንከሩ ትልቅነት ምንም አይጨምርም። 500 ሊትሩም 5,000 ሊትሩም እኩል ከፍታ ላይ ከተቀመጡ እኩል ይገፋሉ። ውሃው መሄድ ሲጀምር ግን ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፣ በየመታጠፊያው ይናወጣል፤ በዚህ የሚጠፋውን የሚከፍለው ከዚያው ከፍታ ነው። ስለዚህ ግፊትን በባር ከመናገር በሜትር መቁጠር ይቀላል፦ ይህን ያህል ሜትር አለኝ፣ ቧንቧው ይህን ያህል ሜትር ይወስዳል፣ ለሻወሩ ይህን ያህል ይተርፋል። እንደ ደመወዝ ነው፤ መጀመሪያ ያለውን ማወቅ፣ ቀጥሎ ወጪውን መደመር።

የትኛው ችግር እንዳለብዎት ለማወቅ አንድ የግፊት መለኪያ (ማኖሜትር) ከቲ (ሦስት አፍ ካለው መገጣጠሚያ) ጋር ሻወሩ ጥርስ ላይ ማሰር ይበቃል። ሁሉንም ዘግተው ያንብቡ፣ ከዚያ እዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍተው እንደገና ያንብቡ። ተዘግቶ ጥሩ የነበረው ሲከፈት ከወደቀ ጥፋቱ የቧንቧው ነው። ተዘግቶም ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍታው ወይም የመንገዱ መስመር ነው፤ ቧንቧ መቀየር አይፈይድም። ማኖሜትር ከሌለ ሰዓትና ባልዲ አለ፦ 10 ሊትር ባልዲ በ67 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ 0.15 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሻወር ዝቅተኛ ሊባል የሚችል መጠን ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሻወር ሳይሆን ጠብታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። እሱም የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ፣ ከቁጥር አጠራር ነው። «25» ተብሎ የሚሸጠው ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) 25 ሚሊሜትር የሆነው በውጭ በኩል ነው። ለሙቅ ውሃ ጭምር ተብሎ በብዛት የሚገጠመው ፒኤን 20 (ፒኤን ቧንቧው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው) የግድግዳው ውፍረት 4.2 ሚሊሜትር ስለሆነ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ 16.6 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል። 20 ቁጥሩ በውስጥ 13.2፣ 32 ቁጥሩ 21.2፣ 40 ቁጥሩ 26.6 ነው። የጋልቫናይዝድ ብረት አጠራር ግን ከውስጥ ስፋቱ ጋር የሚቀራረብ ነው፦ መካከለኛ ውፍረት ያለው ግማሽ ኢንች በውስጥ 16.1፣ ሦስት አራተኛው 21.7፣ አንድ ኢንቹ 27.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። «25 ማለት ሦስት አራተኛ፣ 20 ማለት ግማሽ» የሚለው የሠፈር ልማድ እንግዲህ ለጥርሱ ይሠራ ይሆናል እንጂ ለውሃው አይሠራም። የዛገውን ሦስት አራተኛ ብረት አውጥቶ በ25 ፒፒአር የተካ ሰው ወደ ግማሽ ኢንች ወርዷል። ሦስት አራተኛውን በእውነት የሚተካው 32 ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት በሰከንድ 0.3 ሊትር እናሳልፍ። በየ10 ሜትር ቧንቧ አዲሱ ሦስት አራተኛ ብረት 0.57 ሜትር ግፊት ይወስዳል። 25 ፒኤን 20 ፒፒአር 1.6 ሜትር ይወስዳል፤ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። 32ቱ 0.48 ሜትር፣ 20ው ደግሞ 4.8 ሜትር ይወስዳሉ። በዚያው «25» በሚባለው ስም ውስጥ እንኳ ፒኤን 16ቱ በውስጥ 18.0 ስለሆነ 1.06 ሜትር፣ ፒኤን 10ሩ 20.4 ስለሆነ 0.58 ሜትር ብቻ ይወስዳሉ። ሦስቱም መደርደሪያ ላይ 25 ናቸው። ቀጭኑ ለሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ከጣሪያ ታንከር ለሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ፒኤን 20 ካልሆነ የሚለው ግትርነት ምክንያቱ አይታየንም። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ እንኳ የቆመ ግፊቱ 3 ባር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የመጡት አለን ሄዘንና ጋርድነር ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካወጡት ቀመር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፍሰቱን በኩቢክ ሜትር በሰከንድ ይጻፉ (0.3 ሊትር ማለት 0.0003)። ለቧንቧው የልስላሴ ቁጥር ያካፍሉት፤ ለፕላስቲክ 140፣ ለአዲስ ጋልቫናይዝድ 120። ውጤቱን በ1.852 ርቢ ከፍ ያድርጉት፣ በ10.67 ያባዙት። በመጨረሻ የውስጥ ስፋቱን በሜትር ጽፈው በ4.87 ርቢ ከፍ ካደረጉት በኋላ ለሱ ያካፍሉት። የሚወጣው በአንድ ሜትር ቧንቧ የሚጠፋው ሜትር ነው። ለፕላስቲክ አንዳንድ ሰንጠረዦች 150 ይጠቀማሉ፤ እኛ 140 የምንመርጠው ለብየዳውና ለሚከማቸው ደለል ትንሽ ትርፍ እንዲኖር ብለን ነው። ለዚሁ ስሌት የሚያገለግለውን ሌላውን፣ የዳርሲና የዋይስባክን ቀመር የሚመርጥ ይጠቀምበት፤ ለቤት ቧንቧ ሁለቱ ከአሥር በመቶ በላይ አይለያዩም። ቧንቧ ሲመረጥ የሚሠራው ስህተት ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ከቀመሩ ውስጥ በቃል መያዝ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው ግፊት 3.6 እጥፍ ይሆናል። የውስጥ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 29 እጥፍ ይሆናል። ሚሊሜትሮቹ ይህን ያህል የሚከብዱት ለዚህ ነው፤ ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ ላይ መጨቃጨቅ የሚያዋጣውም ለዚሁ ነው።

አንድ የተለመደ ቤት እንውሰድ፦ ጂ+2፣ ታንከሩ ጣሪያው ስላብ ላይ ባለ 1 ሜትር ማማ ላይ ተቀምጧል። ከላይኛው ፎቅ ወለል እስከ ጣሪያ 2.8፣ ስላቡ 0.2፣ ማማው 1 ሜትር፤ የታንከሩ መውጫ ከወለሉ 4 ሜትር ከፍ ይላል። የሻወሩ ራስ 2.1 ሜትር ላይ ነው። ያለው ሀብት በሙሉ 1.9 ሜትር፣ ማለትም 0.19 ባር ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ታንከሩ ከአናቱ በላይ ስለሚታየው ግፊቱ ብዙ ይመስለዋል። ከታንከሩ እስከ ሻወሩ 14 ሜትር ቧንቧ አለ እንበል፤ የምንፈልገው 0.15 ሊትር ነው። በ20 ቁጥር በየሜትሩ 0.133 ሜትር ይጠፋል፤ 14 ሜትሩ ብቻውን 1.87 ይወስዳል። አንድም መታጠፊያ ሳንቆጥር በጀቱ አልቋል! በ25 ቁጥር 0.61፣ በ32 ቁጥር 0.19 ሜትር ነው።

መታጠፊያዎቹ ግን መቆጠር አለባቸው። ቀላሉ ዘዴ እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ቧንቧ ርዝመት መመለስ ነው፣ የውስጥ ስፋቱን ስንት ጊዜ እንደሚያህል። 90 ዲግሪ መታጠፊያ (ጎሚቶ) 30 ጊዜ፣ ቲ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲያልፍ 20፣ ወደ ጎን ሲታጠፍ 60፣ ሙሉ የተከፈተ ጌት ቫልቭ 8፣ ቦል ቫልቭ 3፣ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው) 100 ያህል፣ ግሎብ ቫልቭ ደግሞ 340 ጊዜ። በእኛ ምሳሌ ሰባት ጎሚቶ፣ ሁለት ቲ (አንዱ ቀጥ፣ አንዱ ጎን) እና አንድ ጌት ቫልቭ ቢኖሩ ድምሩ 298 ይሆናል። በ25 ቁጥር 298 ጊዜ 16.6 ሚሊሜትር ማለት ወደ 5 ሜትር ተጨማሪ ቧንቧ ነው፤ ጠቅላላው 19 ሜትር፣ ጥፋቱ 0.83 ሜትር። በ32 ቁጥር 0.27። በ20 ቁጥር 2.4 ሜትር፤ ከያዝነው 1.9 በላይ ስለሆነ 0.15 ሊትር መቼም አይደርስም፤ ውሃው ራሱን ቀንሶ የሚችለውን ያህል ብቻ ይወርዳል። «ክር» ያልነው ይኸው ነው።

ለብቻው ሊነሳ የሚገባው መዝጊያ አለ፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው፣ ክሮም እጀታና ክብ ሽፋን ያለው። ውበቱ ጥሩ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ግሎብ ቫልቭ ውሃውን ወደ ላይና ወደ ታች ያጣምመዋል። በ25 ቁጥር አንዱ ብቻ 5.6 ሜትር ቧንቧ ያህላል፣ ከአሥር ጎሚቶ በላይ። ከመንገዱ መስመር በ3 ባር ለሚገባ ውሃ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። 1.9 ሜትር ብቻ ላለው የላይኛው ፎቅ ግን ሙሉ ቀዳዳ ያለው ቦል ቫልቭ እንዲገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሻወር ማደባለቂያውም እንዲሁ ነው፤ ለ1 ባርና ከዚያ በላይ ተብሎ የተሠራ ማደባለቂያ በአንድ ሜትር ውሃ አይነቃም። ዝቅተኛ ግፊት የሚችል መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የተለመደ ምክር ካልተናገርን እናጠፋለን፦ «ግፊት እንዲጨምር መጨረሻ ላይ ቧንቧውን አጥብበው»። ይህ ሐሳብ የመጣው ጎማ ጫፍ ላይ ጣት አድርጎ አትክልት ከማጠጣት ነው። ጣት ሲደረግ ውሃው ርቆ የሚወረወረው ፍሰቱ ስለሚቀንስና ከጎማው ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ስለሚያንስ ነው፤ የተረፈው ጫፉ ላይ ይወጣል። ጠባቡ ነገር አንድ ነጥብ ላይ ሲሆን ይህ ይሠራል። 6 ሜትር 20 ቁጥር ሲዘረጋ ግን ጠባቡ መንገዱ ራሱ ሆነ፣ ግፊቱ ጫፍ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል።

ብየዳውም ከቀመር ውጭ ነው። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ሲሞቅ ለ20 ቁጥር 5 ሰከንድ፣ ለ25 ቁጥር 7፣ ለ32 ቁጥር 8፣ ለ40 ቁጥር 12 ሰከንድ ይበቃዋል። ሠራተኛው «በደንብ ይያዝ» ብሎ 15 ሰከንድ ካቆየው፣ ወይም ምልክት ሳያደርግ ከልኩ በላይ ከገፋው፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል። ከውጭ ያማረ ብየዳ ከውስጥ ቀዳዳውን ወደ 12 ሚሊሜትር ያጠበበ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲጀመር አንድ ሙከራ አስበይዶ በመጋዝ ለሁለት መሰንጠቅና ውስጡን ማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለ25 ቁጥር የሚገባው ጥልቀት 16 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በእርሳስ ምልክት ይደረግ።

እስካሁን ያየነው አንድ ሻወር ለብቻው ሲከፈት ነው። ቤቱ ሦስት መታጠቢያ ክፍል (እያንዳንዱ ሻወር፣ እጅ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው)፣ አንድ ወጥ ቤትና አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለው፣ ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት 0.1፣ ለሌሎቹ 0.2 ሊትር ብንይዝ ድምሩ 1.6 ሊትር በሰከንድ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። ቀለል ያለው ማስተካከያ ከዕቃዎቹ ብዛት 1 ቀንሶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣትና 0.8ን ለሱ ማካፈል ነው፦ 11 ዕቃ ሲሆን 0.25፤ ስለዚህ ከታንከሩ የሚወጣው የጋራ መስመር ለ0.4 ሊትር ይሠራ። የጋራው መስመር 5 ሜትር ቢሆን በ25 ቁጥር 1.3 ሜትር ይበላል፤ ከ1.9 ውስጥ። በ40 ቁጥር 0.13 ብቻ። ብዙ ቤት ውስጥ ታች ሰው ቧንቧ ሲከፍት ላይ ያለው ሻወር የሚቆመው በዚህ የጋራ 5 ሜትር ምክንያት ነው። ከጣሪያ የሚወርድ መስመር ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ መሄድ አለበት፤ ውሃው ሁሉ የሚያልፈው ላይኛው ላይ ነውና፣ ታችኛው ፎቅ ደግሞ 6 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ በነፃ ያገኛል። በተግባር የሚታየው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ 25፣ አንዳንዴም የመንገዱ መስመር ልማድ ተወስዶ ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ ነው።

ይህ «ሁሉም በአንድ ጊዜ አይከፈትም» የሚለው ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ይፈርሳል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሠፈር፣ በተለይ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ታንከርና በርሜል ባለበት ጂ+4 ሕንፃ፣ ውሃው የመጣ ሌሊት ፍሎተሩ (ታንከር ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው) ሁሉ ክፍት ነው። እዚያ ድምሩን መቀነስ ራስን ማታለል ነው። መስመሩ ለሁሉም እኩል ተደምሮ ካልተሰላ የታችኞቹ ይሞላሉ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ነግቶ ባዶ ይቀራሉ። በጎረቤት መካከል የሚነሳው ጠብ ግማሹ የቧንቧ ስፋት ጠብ ነው።

ከመንገድ እስከ ጣሪያ ታንከር ያለው መሙያም በዚያው መንገድ ይሰላል። ለጂ+2 የታንከሩ መግቢያ 12 ሜትር ላይ፣ መንገዱ ላይ ያለው ግፊት 1.5 ባር ቢሆን 15.3 ሜትር አለን፤ ለሰበቃ (በመፋተግ ለሚጠፋው) 3.3 ይተርፋል። 40 ሜትር መስመር፣ አሥር ጎሚቶ፣ አንድ ግሎብ ቫልቭና አንድ ቼክ ቫልቭ ይኑሩበት። ቆጣሪውም ይበላል፦ 15 ሚሊሜትሩ ቆጣሪ በሰዓት 1.5 ኩቢክ ሲያሳልፍ እስከ 0.25 ባር ሊወስድ ይችላል፣ ፍሰቱ ሲቀንስ በካሬው ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በ25 ቁጥር 0.17 ሊትር በሰከንድ ይገባል፤ በአራት ሰዓት 2,450 ሊትር፣ 2,000 ሊትሩ ታንከር ሞልቶ ያድራል። በ20 ቁጥር 0.1 ሊትር፤ በአራት ሰዓት 1,440። የመንገዱ ግፊት ወደ 1.3 ባር ቢወርድ 25ቱ 1,480፣ 20ው 870 ሊትር ብቻ ያስገባሉ፣ ያውም የፍሎተሩን ጠባብ ቀዳዳ ሳንጨምር። ከ1.2 ባር በታች ከሆነ ግን የትኛውም ስፋት አንድ ጠብታ አያወጣም፤ ያኔ መሬት ላይ ታንከር አስቀምጦ ከዚያ መግፋት ነው። ፓምፕን ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ የጎረቤትን ውሃ ይነጥቃል፣ ግፊቱን ከዜሮ በታች ካወረደው ደግሞ በመስመሩ ስንጥቅ በኩል ከአፈር የቆሸሸ ውሃ ይስባል።

ፓምፕ የግድ ከሆነም ቧንቧው ይቅደም። ካርቶኑ ላይ «40 ሜትር፣ 40 ሊትር በደቂቃ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይገኙም፤ 40 ሜትሩ ምንም ውሃ በማይወጣበት ጊዜ፣ 40 ሊትሩ ምንም ከፍታ በሌለበት ጊዜ ነው። በመካከሉ ያለው ጉዞ ለትናንሾቹ ፓምፖች ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ መስመር ነው። 13 ሜትር ከፍታ ወደላይ፣ 30 ሜትር ቧንቧ ከስምንት ጎሚቶ፣ ከሁለት ጌት ቫልቭና ከአንድ ቼክ ቫልቭ ጋር ቢኖር፣ በ25 ቁጥር በደቂቃ 20 ሊትር ያወጣል፤ 2,000 ሊትር በ100 ደቂቃ። በ32 ቁጥር 24 ሊትር፤ በ83 ደቂቃ። ሞተሩ ያው፣ መብራቱ ያው። በደቂቃ 30 ሊትር እፈልጋለሁ ያለ ሰው ደግሞ በ25 ቁጥር ለሰበቃ ብቻ 14.6 ሜትር ይከፍላል፤ ከፍታው ራሱ 13 ሆኖ ሳለ። በ32 ቁጥር 4.6፣ በ40 ቁጥር 1.6 ሜትር ይከፍላል።

መምጠጫው በኩል ከተማችን ያለችበት ከፍታ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ፓምፕ ውሃ አይስብም፤ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ክብደት 10.3 ሜትር ውሃ ያህላል፣ 2,400 ሜትር ላይ 7.7 ብቻ። መመሪያው ላይ «መምጠጥ 8 ሜትር» የተባለው ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ በተፈጥሮ ሕግ አይችልም። ከ7.7 ላይ ለውሃው እንፋሎት 0.2፣ ለፓምፑ ራሱ 2 ሜትር ያህል ሲቀነስ፣ ለከፍታና ለሰበቃ የሚቀረው 5 ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ የመምጠጫው ቧንቧ ከፓምፑ አፍ ቢያንስ በአንድ ቁጥር ይስፋ፣ ጎሚቶ ይቀነስ፣ አየር የሚያጠራቅም ጉብታ አይኑርበት። በመምጠጫው ጫፍ ውሃው ውስጥ የሚቀመጠው ፉት ቫልቭ ከነወንፊቱ፣ እንደ ዓይነቱ፣ ከ75 እስከ 420 ጊዜ ስፋቱን ያህላል፤ ጠባብ ፉት ቫልቭ ከሌላው መምጠጫ በሙሉ ሊበልጥ ይችላል። ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ከተንኳኳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ስለ ድሮ ብረት ቧንቧ ባጭሩ፦ የልስላሴ ቁጥሩ ከ120 ወደ 80 ሲወርድ ጥፋቱ 2.1 እጥፍ ይሆናል። ዝገቱ 21.7ን ወደ 18 ሚሊሜትር ካጠበበው ሌላ 2.5 እጥፍ ይጨምራል። ሁለቱ ሲባዙ ከአምስት በላይ ናቸው። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ፓምፕ መጫን ዝገቱን ነቅሎ ማደባለቂያው ወንፊት ላይ መከመር ነው።

ሁሉንም በ40 እንሥራ ማለታችንም አይደለም። ከቦይለር እስከ ሻወር የሚሄደው ሙቅ መስመር ሲሰፋ ውስጡ የቀዘቀዘው ውሃ ይበዛል፦ 10 ሜትር 25 ቁጥር 2.2 ሊትር፣ 32 ቁጥር 3.5 ሊትር ይይዛል፤ በየማለዳው ሳይሞቅ የሚፈሰው ይህ ነው። ለሙቁ 25 ይበቃል፣ ቦይለሩ ይጠጋ። በሌላው መስመር ፍጥነቱ ከ0.5 እስከ 1.5 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ2 ሲያልፍ ይጮኻል፣ ድንገት ሲዘጋም ይመታል።

ቤት የሚያሠሩ አንባቢዎችና ፕላን የሚያወጡ ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እንዲለምዱ እንጠይቃለን። የዋጋ ማቅረቢያው ላይ «ፒፒአር 25» ብቻ አይጻፍ፤ ፒኤኑና የውስጥ ስፋቱ በሚሊሜትር ይጻፍ፣ የጋራው መስመር ለስንት ሊትር በሰከንድ እንደተሰላና በጣም ሩቅና ከፍ ያለው ሻወር ላይ ስንት ሜትር እንደሚተርፍ ይጻፍ። አንድ ገጽ ነው። ርክክቡ ላይ የሚደረገው የግፊት ሙከራም ይታይ፦ መስመሩ ተደፍኖ በእጅ ፓምፕ ይሞላል፣ መርፌው ሳይወርድ ከቆየ «አለፈ» ይባላል። ያ ሙከራ የሚያፈስ ብየዳ ይይዛል። ውሃው ቆሞ ስለሚለካ ግን ሰበቃው ዜሮ ነው፤ 20 ቁጥርም 40 ቁጥርም እኩል ያልፋሉ። ከሱ በኋላ የላይኛው ፎቅ ሻወር፣ ወጥ ቤቱና አንድ የታች መታጠቢያ አብረው ይከፈቱ፣ ከሻወሩ ሥር ባልዲ ይቀመጥ፣ ሰዓት ይያዝ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የውሃ መሐንዲሶች፣ አዲስ አበባ